ከቀሃ ወንዝ እስከ ስሜን ግርጌ፦ የጎንደርና የደባርቅ መስመር የጥበብና የባህል ቅርሶች

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መንገድ ሁለት የዓለም ቅርሶችን ያገናኛል። በአንደኛው ጫፍ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበው የፋሲል ግቢ፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገኛሉ።

መስመሩ በይበልጥ የሚታወቀው በአብያተ መንግሥቱና በተራሮቹ ነው። በመካከሉና በዙሪያው የሚገኙት የሥነ ጥበብ፣ የዕደ ጥበብና የታሪክ ቅርሶች ግን የጎብኚውን ቆይታ ከማራዘም ባሻገር፣ የአካባቢው ነዋሪ ከፓርኩ ግጦሽና እንጨት ውጪ የሚተዳደርበትን ገቢ ሊያስገኙ የሚችሉ ናቸው።

በሁለት ወንዞች መካከል

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. መናገሻቸው ካደረጓት በኋላ ተከታዮቻቸው ነገሥታት በየዘመናቸው የየራሳቸውን ሕንፃ አክለውበታል። በዚህም ምክንያት 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበው ግቢ የአንድ ንጉሥ ሳይሆን የበርካታ ነገሥታት ሥራ ነው።

ከግቢው ውጪ በቀሃ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የፋሲል መዋኛ ከጥምቀት በዓል በፊት ከወንዙ በሚጠለፍ ውኃ ይሞላል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረ ሲሆን፣ የጎንደሩ አከባበር ከአገር ውስጥና ከውጭ ብዙ እንግዶችን የሚስብ ነው።

ለሥነ ሥዕል ወዳጆች ቀዳሚው ስፍራ በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የተመሠረተው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶችና ግድግዳውን የሸፈኑት ሥዕሎች የጎንደር ዘመን የአሳሳል ስልት ዋነኛ ምሳሌዎች ተደርገው ይጠቀሳሉ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ደብርም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ይገኛል።

ከተማዋ የአቋቋምና የቅኔ ትምህርት ማዕከል እንደመሆኗ የበአታ ማርያም የአቋቋም ትምህርት ቤት ስም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። በዓለማዊው ጥበብ ረገድ የአዝማሪዎች ማሲንቆና እስክስታ የሚጠቀሱ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን የፋሲለደስ የኪነት ቡድን የአካባቢውን ዜማ በመላ አገሪቱ አስተዋውቋል።

ከወለቃ እስከ ቡይት ራስ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጓዝ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያገኘው ወለቃን ነው። መንደሩ ቤተ እስራኤላውያን የኖሩበት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም የሸክላ ሥራ በመንገዱ ዳር ለጎብኚዎች መቅረቡን ቀጥሏል።

በደጋው ላይ ዳባትን አልፎ የሚገኘው ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ነው። ጎብኚዎች በዚሁ ተመዝግበው የመግቢያ ክፍያ ከፈጸሙ በኋላ ከአስጎብኚና ከታጣቂ ጥበቃ ጋር ጉዞ ይጀምራሉ። የበቅሎ ኪራይና የምግብ ማብሰል አገልግሎትም ከአካባቢው ነዋሪዎች ይገኛል።

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቡይት ራስ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ በቅርብ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ከሳንቃበር ባሻገር ግጭና ጨነቅ የተባሉት የድንኳን ማረፊያዎች ሲገኙ፣ በጨነቅ ዙሪያ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ዋልያ የማየት ዕድል ሰፊ ነው።

ደረስጌ ማርያም

ከተራሮቹ ባሻገር በጃናሞራ ወረዳ የሚገኘው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአገሪቱ ታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። በግንባታውም በእርሳቸው ዘንድ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደተሳተፈ ይነገራል።

ደጃዝማች ውቤ በዚሁ ስፍራ ለመንገሥ ያስቡ እንደነበር ቢታወቅም፣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል ሆኑ። ከጥቂት ቀናት በኋላም ካሣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ስሜንን ለመጎብኘት የሚመጣ እንግዳ ይህን ስፍራ በጉዞው ውስጥ ቢያካትት ከተፈጥሮው ጋር የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ መነሻ አብሮ ያያል።

የቅርሱ ህልውናና የነዋሪው ኑሮ

በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመውና በኋላ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር የሰፋው ፓርክ፣ በግጦሽ፣ በእርሻና በመንገድ ሥራ ጫና ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። ከመዝገቡ እንዲወጣ ከረዱት እርምጃዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበሩ የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ መዛወራቸው ነው።

በከብትና በገብስ ይተዳደር የነበረ አርሶ አደር ከተማ ሲገባ አዲስ መተዳደሪያ ያስፈልገዋል። የፓርኩ ጥበቃ ዘላቂነትም የሚመዘነው ነዋሪው ከተራራው የሚያገኘው ጥቅም ተራራውን በማረሱ ከሚያገኘው ሲበልጥ ነው።

ይህ ጥቅም ምን ያህል በቀላሉ ሊቋረጥ እንደሚችል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር የጎብኚውን ፍሰት ክፉኛ ጎድተውታል። በእነዚሁ ዓመታት የዋልያ ቁጥርም በእጅጉ ቀንሷል።

በመሆኑም በመስመሩ ላይ የሚሠሩ የባህልና ቱሪዝም፣ የመንገድ እና የፓርክ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ተነጣጥሎ የሚታይ አይደለም። በወለቃ የሚሸጥ አንድ ሸክላ፣ በደባርቅ የሚከራይ አንድ በቅሎ፣ በደረስጌ የሚታደር አንድ ሌሊት በፓርኩ ግጦሽ ላይ ያለውን ጫና ከሚያቃልሉት መካከል ናቸው።