ሙዚቃ ቤቶቹ ለምን ተዘጉ? የተረፉትስ በምን ተረፉ?

"ኢንተርኔት ትንንሹን ነጋዴ በላው" ሲባል እንሰማለን። የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች ታሪክ ግን የገበያው ጣጣ ከኢንተርኔት በፊት መጀመሩን ያሳያል። በ50 ዓመት ውስጥ የሚሸጡት ዕቃ 4 ጊዜ ተለውጦባቸዋል፤ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽና ሚሞሪ፣ ከዚያም ወደ ዩቲዩብ። በእያንዳንዱ ለውጥ የተዘጋም የተረፈም አለ።

አምሃ እሸቴ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ የአገር ውስጥ ሙዚቃን በሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አምሃ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ድንጋጌውን ችላ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ሥራው የታተመው በህንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ነው። አምሃ ሪከርድስ በ6 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና ወደ 12 የሚጠጉ አልበሞችን አወጣ።

ከአብዮቱ በኋላ አምሃ አገር ለቀቀ፤ የሸክላም ዘመን እያበቃ መጣ። የካይፋ ሪከርድሱ አሊ አብደላ ካይፋ፣ ብዙዎች አሊ ታንጎ የሚሉት፣ የማህሙድ አህመድን "ኧረ መላ መላ" በሸክላ ያሳተመ ሰው ነው። ካሴት ሲመጣ ሸክላውን የሙጥኝ ብሎ አልቀረም፤ ወደ ካሴት ዞረ።

ካሴት ርካሽ ነው፤ ለማባዛትም ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ይኸው ጥቅሙ ግን ጉዳትም ሆነ። ሁለት ካሴት የሚይዝ ቴፕ ያለው ሁሉ አባዥ መሆን ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ አባዡ ግን ሕግ እስኪደርስበት አልጠበቀም፤ ወደ ሲዲ ተሻገረ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ይዘው ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች በየሰፈሩ ፈሉ። የሚሸጡት የራሳቸው ያልሆነ ነገር ነበር። ደንበኛው በስልኩ ራሱ ማውረድ ሲጀምር ወደ ሱቁ የሚመልሰው ምክንያት አጣ።

የአምሃ ሥራዎችስ? ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በአምሃ ፈቃድ "ኤቲዮፒክስ" በተባለው የሲዲ ተከታታይ ለዓለም አቀረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ "ብሮክን ፍላወርስ" በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተሰማ። ሸክላው ከገበያ ቢወጣም መብቱ ባለቤት ነበረው። ዛሬም እንደ ናሆም ሪከርድስ ያሉ አሳታሚዎች በካሴትና በሲዲ ዘመን ያወጧቸውን ዘፈኖች በዩቲዩብ የሚያሰሙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ታሪክ ለልብስ ሰፊውም፣ ለዳቦ ጋጋሪውም፣ ለመጽሐፍ ሻጩም ይሠራል። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከመጣ ወዲህ በስልክ መክፈል ተለምዷል፤ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ሱቅ መክፈትም ቀሏል። ይህንን ቶሎ መልመድ ያስፈልጋል፤ አሊ ታንጎ ካሴትን እንደለመደው። ሆኖም ቴሌግራምም እንደ ካሴቱ መያዣ ነው። ነገ በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ባለቤቱም ሩቅ አገር ነው፤ ገጹ በአንድ ሌሊት ቢዘጋ አቤት የሚባልበት ደጅ የለም።

ስለዚህ ነጋዴው የራሱ የሆነውን ለይቶ ይወቅ። ሌላው የማይሰፋው ስፌት፣ በደብተር የተያዘ የደንበኞች ስልክ ቁጥር፣ "እሱ ጋ ከሆነ አይበላሽም" የሚያስብል ስም፣ በስሙ የተመዘገበ ሥራ። ከዩቱዩብ ወይም ከቴሌግራም ሸቀጥ አምጥቶ መልሶ የሚሸጥ ሰው የሚሞሪ ጫኚው ዕጣ ይጠብቀዋል። የራሱ ሥራ ያለው ግን መያዣው ሲለወጥ ሥራውን ይዞ ወደ አዲሱ ይሻገራል።