ሌዎን ባክስትና የመድረክ ንድፍ

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1890 ዓ.ም. «ያንቀላፋችው ቆንጆ» የተባለው ባሌት በሴንት ፒተርስበርግ ማሪንስኪ ቴያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ የመድረኩን መጋረጃዎች ልዩ ልዩ ሠዓሊዎች ተከፋፍለው ሠሩ፤ አልባሳቱን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ቴያትሮች ዋና ሥራ አስኪያጅ ኢቫን ቭሴቮሎዥስኪ ነደፈ። የዘመኑ ልማድ ይኸው ነበር፤ መጋረጃው ለብቻው፣ ልብሱም ለብቻው ይታሰብ ነበር። ይህን ልማድ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ሠዓሊው ሌዎን ባክስት ነው።

ባክስት በ1866 ዓ.ም. በግሮድኖ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ የመጀመሪያ ስሙም ሌቭ ሮዘንበርግ ነበር። ከሠዓሊው አሌክሳንድር ቤኑዋና ከሰርጌይ ዲያጊሌቭ ጋር «የኪነ ጥበብ ዓለም» በተባለው መጽሔት ዙሪያ ተሰባስቦ ሠራ። ዲያጊሌቭ በ1909 ዓ.ም. የሩሲያን ባሌት ለፓሪስ ሕዝብ ማሳየት ሲጀምር፣ ከዋና ነዳፊዎቹ አንዱ እርሱ ሆነ።

በ1910 ዓ.ም. በፓሪስ ኦፔራ የታየው «ሼኸራዛድ» የባክስትን ዘዴ ገሐድ አወጣው። አረንጓዴና ሰማያዊ በገነኑበት መድረክ ላይ ቀይና ብርቱካንማ ቀለም ጎልቶ ወጣ። ልብሱ የታሰበው ቆሞ ለሚታይ ሰው ሳይሆን ለሚዘልና ለሚሽከረከር ሰውነት ነበር። በንድፎቹ ላይ ስለ ጨርቁና ስለ ቀለሙ ለልብስ ሰፊዎች መመሪያ ይጽፍ ስለ ነበር፣ ሥዕሉ የዓይን ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሥራ ፕላንም ነበር። የፓሪስ ልብስ ሰፊዎችና ቤት አስጌጦችም ሳይቀሩ ቀለሙን ተከተሉ።

ነገር ግን ፓሪስ ያከበረችውን ሰው የገዛ አገሩ ዋና ከተማ አላስጠጋችውም። የዘመኑ የሩሲያ ሕግ አይሁድ ያለ ልዩ ፈቃድ በሴንት ፒተርስበርግ እንዳይኖሩ ይከለክል ነበር። ባክስት በ1903 ዓ.ም. ለጋብቻው ሲል የሉተራንን እምነት ተቀብሎ ነበር፤ ጋብቻው ከፈረሰ በኋላ ግን ወደ አባቶቹ ሃይማኖት በመመለሱ፣ በ1912 ዓ.ም. በከተማይቱ የመኖር ፈቃድ ተነፈገ። በ1914 ዓ.ም. የዚያችው ከተማ የኪነ ጥበብ አካዳሚ በአባልነት መረጠው። ጥበቡ ተፈቀደ፤ ሰውዬው ግን በውጭ አገር ቀረ።

በ1921 ዓ.ም. ዲያጊሌቭ ያንኑ የ1890ውን ባሌት «ያንቀላፋችው ልዕልት» በሚል ስም በለንደን አልሃምብራ ቴያትር ሲያሳይ፣ መድረኩንም አልባሳቱንም የነደፈው ባክስት ነበር። ቀድሞ ለብዙ እጆች የተከፋፈለው ሥራ በአንድ አሳብ ሥር ገባ። ሆኖም ወጪው ከገቢው በልጦ ትርኢቱ በየካቲት 1922 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ መጋረጃውና ልብሱም በዕዳ ተያዘ።

ባክስት በ1924 ዓ.ም. በፈረንሳይ አረፈ። በዕዳ ከተያዙት ልብሶች ከተረፉት አንዳንዶቹ ዛሬ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። በአገሩ ዋና ከተማ እንዳይኖር የከለከለው ሕግ ግን ገና በ1917 ዓ.ም.፣ ዘውዱ በወደቀ ጊዜ፣ ተሽሯል።