የማሰብ ችሎታ (ኢንተለጀንስ)፦ የቃሉ ትርጉምና አጠቃቀም

የማሰብ ችሎታ አንድ ሰው አዲስ ነገር የመማር፣ የማገናዘብ፣ ችግር የመፍታትና ከአካባቢው ጋር የመላመድ አቅም ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግር
“ብልህ” እና “አስተዋይ” የምስጋና ቃላት ናቸው። “ብልጥ” እና “ጮሌ” ግን ማታለልንም ሊያመለክቱ ይችላሉ። “ጎበዝ ተማሪ” ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናየው የፈተና ውጤትን ነው። እውቀት የተማርነው ነገር ሲሆን የማሰብ ችሎታ ደግሞ የምንማርበት አቅም ነው።

በሕክምና
የማሰብ ችሎታ የሚለካው አይኪው በሚባል ፈተና ሲሆን አማካይ ውጤቱ 100 ነው። ውጤቱ ከ70 ገደማ በታች ከሆነ፣ በመግባባት፣ ራስን በመንከባከብ ወይም ገንዘብ በመቁጠር ላይ ችግር ካለና ይህም በልጅነት ከጀመረ “የአእምሮ እድገት ውስንነት” ይባላል። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ቀድሞ “የአእምሮ ዘገምተኛ” ይባል ነበር፤ ቃሉ ስለሚያዋርድ አይመከርም። ውስንነቱ የአእምሮ ሕመምም፣ እርግማንም አይደለም።

ውጤትን የሚያሳስቱ ነገሮች
• ቋንቋ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሰፈር ውስጥ አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ልጁ በደንብ በማያውቀው ቋንቋ ከተፈተነ ውጤቱ ችሎታውን አያሳይም። ለባለሙያው የልጁን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይንገሩ።
• መስማትና ማየት፦ አስቀድመው ይመርመሩ። በሰበታ የሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንደሚያሳዩት ማየት አለመቻል የማሰብ ችሎታ ማነስ አይደለም።
• ሕመምና ረሃብ፦ ደም ማነስ፣ የሚጥል በሽታና የምግብ እጥረት ትኩረትን ይቀንሳሉ።

መከላከል
የአዮዲን እጥረት እንቅርት ከማስከተሉም በላይ በእርግዝና ወቅት የጽንሱን አንጎል ይጎዳል። አዮዲን ያለው ጨው ይግዙ፣ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ፣ ወጡ ከበሰለ በኋላ ይጨምሩ። የእርግዝና ክትትል ያድርጉ፤ በጤና ተቋም ይውለዱ፤ የልጅዎን ክትባት ያሟሉ።

ወደ ጤና ጣቢያ መቼ ልሂድ?
• ልጁ በ18 ወሩ ካልሄደ፣
• በ2 ዓመቱ ሁለት ቃላት አገናኝቶ ካልተናገረ፣
• ይችለው የነበረውን ነገር ካቆመ።

አዋቂ ሰው በድንገት ግራ ከተጋባ ወይም መናገር ካቃተው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ልጅዎን በሌሎች ፊት “ደደብ” አይበሉት፤ ድጋፍ ያገኘ ልጅ፣ ውስንነት ቢኖርበትም፣ ይማራል።