በክፉ ቀን የተከፈተ ጎተራ

በ1880 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች በምጽዋ ለሰፈረው ጦራቸው ስንቅ እንዲሆን ከባሕር ማዶ ካስመጧቸው ከብቶች ጋር እንደ ገባ የሚነገረው፥ ሕዝቡም «ደስታ» ብሎ የሚጠራው የከብት እልቂት፥ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በሐማሴንና በትግሬ፥ በበጌምድርና በጎጃም፥ በወሎና በሸዋ በኩል እየነጎደ እስከ ደቡቡ የከብት አርቢዎች ምድር ሲዘልቅ፥ የደረሰበትን ቀዬ በረት ሁሉ ባዶ እያስቀረ፥ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን ፈጀ እስኪባል ድረስ የባላገሩን ሀብት አጠፋ። በዚያው ሰሞን ዝናሙ በወራቱ አልወርድ አለ፤ አንበጣውና ተምቹም በተራቸው ተነሥተው፥ በቅሎ የነበረውን ጥቂቱን እህል በሉት። አባቶቻችን ይህን እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የዘለቀ መከራ ሌላ ስም ሳይፈልጉለት «ክፉ ቀን» ብለውት ቀርተዋል፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ከሕዝቡ ሲሶ የሚሆነው በራብና ራብ በሚያመጣው በሽታ ሳያልቅ እንዳልቀረ ይገምታሉ።

ከእነዚህ መቅሠፍቶች ሁሉ የበረታው ግን የበሬው ሞት ነበር፤ ምክንያቱም በደጋው አገር ለአራሹ መሬቱም፥ ዝናሙም፥ ዘሩም ቢኖረው፥ ጥማድ በሬ ከሌለው ሁሉም ከንቱ ይሆንበታል። ባላገሩ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት ከጥንት ጀምሮ ያበጀው ሥርዓት ነበረው፤ አንድ በሬ ብቻ የቀረው ሰው ባለ አንድ በሬ ከሆነው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገጥማል፥ በሬ የሌለው ጉልበቱን ሰጥቶ በሬ ይዋሳል፥ ከብቱ የሞተበትም ከዘመዱ ላም በርቢ ተቀብሎ ጥጃውን ይካፈላል፥ የታመመው ሰው አዝመራም በደቦ ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ ያማረና የጸና ሥርዓት መሆኑን ማንም አይክደውም፤ ዳሩ ግን በጥልቅ ለሚመረምረው፥ የጎረቤት መረዳዳት የተሠራው መከራ አንዱን ቤት ነክቶ ሌላውን ሲያልፍ ለሚሆነው ጊዜ ነው። የመንደሩ በሬ ሁሉ ባንድ ወር ባለቀ ጊዜ መቀናጆ የሚገጥመው ከማን ጋር ነው? ጎታው የተራቆተበት ሰው ጎታው ከተራቆተበት ሰው ምን ይበደራል? እንዲህ ያለው መከራ ሲደርስ ከመንደርና ከአጥቢያ የሚሰፋ፥ በአንዱ አውራጃ የጎደለውን ከሌላው አውራጃ የሚያሟላ ጎተራ ያስፈልጋል፤ ያንን ጎተራ የያዘው ደግሞ መንግሥት ነው።

መንግሥቱ ግን በዚያ ዘመን ራሱ በመከራ ላይ ነበር። የሱዳን ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለዋል፤ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ወድቀዋል፤ ምኒልክም በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቅብዐ መንግሥት ሲቀቡ የተረከቡት አገር ሞፈሩ የተሰቀለ፥ ምጣዱ የቀዘቀዘ ነበር። በዚያው ዓመት ሰሜኑን ለማረጋጋት ወደ ትግሬ በዘመቱ ጊዜ፥ ስንቁ ያለቀበት ወታደር በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። የጦሩ ችግር እንዲህ ከሆነ፥ ጦሩ በቤቱ ያረፈበት ባላገር ችግር ምን እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም፤ ወታደሩ ደመወዝ አልነበረውምና ቀለቡን የሚያገኘው በተሰሪነት ከሰፈረበት ገበሬ ማጀት ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ መከራ ውስጥ ያደረጉትን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴና አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በጻፏቸው የታሪክ መጻሕፍት ትተውልናል። በየስፍራው የነበሩት የመንግሥት ጎተራዎች ተከፍተው እህሉ ለተራበው ታደለ፤ ሕዝቡ ሥጋ አጥቶ ሳለ እርሳቸው የበሬ ሥጋ ላለመብላት ወሰኑ፤ ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው፥ በሬ የሌለው ገበሬ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ብለው ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬቱን ቆፈሩ። ንጉሡ ሲቆፍሩ መኳንንቱ ቆመው ሊያዩ አልቻሉምና እነርሱም ዶማ ጨበጡ፤ መኳንንቱን ያየ ጭፍራም ተከተለ። በዚያ ዘመን መሬት መቆፈር ከጨዋ ልጅ የማይጠበቅ የተናቀ ሥራ ሆኖ ሳለ ቅብዐ መንግሥት የተቀባ እጅ ዶማ መጨበጡ፥ ለአገሩ ሰው ከአንድ ሺሕ ዐዋጅ የበለጠ ትምህርት ነበር። እኔም ከዐድዋው ድል በፊት ምኒልክን ታላቅ ያደረጋቸው ይህ ሥራ ነው ብዬ ለመናገር አልፈራም።

እንዲህም ሆኖ ስለ ጎተራው መከፈት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በዚያ ጎተራ ውስጥ የነበረው ጤፍና ገብስ፥ ስንዴና ባቄላ፥ ከሰማይ የወረደ መና አልነበረም፤ በመልካሙ ዘመን ባላገሩ ከዐውድማው ላይ እየሰፈረ በአህያና በትከሻ ተሸክሞ ያስገባው ግብር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ምጽዋትን የጽድቅ መንገድ አድርጋ ታስተምራለች፥ ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ ይሁን እንጂ መጽዋች የሚባለው ከገዛ ገንዘቡ የሚሰጥ ነው። ባላገሩ ያገባውን እህል በራቡ ቀን መልሶ ሲቀበለው ግን ይህ ምሕረት ከመባል ይልቅ ዕዳ መክፈል ቢባል ይቀርባል። ኦሪት ዘፍጥረት ስለ ዮሴፍ የሚተርከውን ምእመናን ሁሉ ያውቁታል፤ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አምስተኛውን እጅ እያከማቸ ግብፅን ከሞት ማዳኑ በየስብከቱ ይነገራል። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ግብፃውያን ራሳቸው ያረሱትን እህል ሲገዙ በመጀመሪያ ገንዘባቸውን፥ ቀጥሎ ከብታቸውን፥ በመጨረሻም መሬታቸውንና ሰውነታቸውን ለፈርዖን እንደ ሰጡ አብሮ ይናገራል፤ ይህ ክፍል ግን ሲሰበክ ብዙም አይሰማም። ከዚህ አንጻር ሲታይ፥ በክፉ ቀን የእንጦጦው ጎተራ እህል ያለ ዋጋ መታደሉ የሚያስመሰግን ነው፤ ምንም እንኳ ያ ጎተራ ለመላው አገር ሊበቃ ባይችልና፥ ከእርሱ ርቆ በነበረው አገር ሰው ልጁንና ራሱን ለባሪያ ፈንጋይ እስከ መሸጥ ቢደርስም።

የጎተራው መከፈት በዚያ ዘመን ልማድ እንጂ ሕግ አልነበረም። ንጉሡ ሩኅሩኅ ከሆነ ይከፈታል፥ ጨካኝ ከሆነ ይዘጋል፤ ባላገሩ ይለምናል እንጂ አይጠይቅም። መከራው ሊያበቃ ሲል የተደረገ አንድ ለውጥ ግን ከሥር መሠረቱ የተለየ ይመስለኛል፤ ምኒልክ በ1884 ዓ.ም. ገደማ ለጦሩ ቀለብ የሚሆን አሥራት እንዲከፈል አዘዙ፥ በዚህም ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ መብላቱ እንዲቀር ታሰበ። ከአሥሩ ቁና አንዱን ሰጥቶ በቀሪው ዘጠኝ ያለ ስጋት መኖር ለገበሬው ቀላል ነገር አይደለም፤ ሥርዓቱም በየአውራጃው እኩል አልተፈጸመም። ቢሆንም መንግሥት የሚወስደው በልክ እንዲሆን መሞከሩ፥ ጎተራ ከመክፈት ይልቅ የራብን ሥር የሚነካ ሥራ ነበር። በዚያ በክፉ ቀን ሕፃን የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፥ ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ሕዝብ ሥራና ስለ አገር ሀብት አጥብቀው መጻፋቸውም፥ ከዚያ ዘመን መከራ ፈጽሞ የተለየ ነገር አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን በፍጥነት አልፈዋለሁ፤ በ1951 ዓ.ም. በትግራይ የደረሰው ራብ እንኳ ሕዝቡ ሳይሰማው አለፈ። የወሎው ግን ሊታለፍ አይገባም። በ1965 ዓ.ም. ዝናም በጠፋ ጊዜ አገሪቱ አውራ ጎዳና፥ ራዲዮና ሚኒስቴር ነበራት፤ ከክፉው ቀን ጋር ሲነጻጸር እህል ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ማድረስ ቀላል ሆኖ ነበር። አማርትያ ሰን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ የተገኘው እህል ከወትሮው እጅግ ያነሰ አልነበረም፤ የደሴ ገበያ ዋጋም የራቡን ያህል አልናረም፤ የወሎ ገበሬ የሞተው እህሉን የሚገዛበት አጥቶ ነው። የአፋሩ አርብቶ አደር ደግሞ የበጋ ግጦሹን የአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ እርሻዎች ቀደም ብለው ወስደውበት ነበርና፥ ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አልነበረውም። መንገድ ላይ የወጣው ሕዝብ ተሽከርካሪ እያስቆመ ይለምን ጀመር፤ ሹማምንቱ ግን የአገር ገጽ እንዳይበላሽ ብለው ነገሩን ሸሸጉት።

ሽሽጉን የገለጡት ዜጎች ናቸው። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው በ1965 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳዩት፤ ተማሪውና መምህሩም እርዳታ ማሰባሰብ ጀመሩ። ከአስተማሪዎቹ አንዱ የነበሩት መስፍን ወልደ ማርያም ከዚያ በኋላ ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለራብ መጋለጥ በሰፊው መርምረው ጻፉ። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ራቡን የሸሸጉት ሹማምንት ሥራም እንዲመረመር ተወሰነ። ምኒልክ ዶማ ጨብጠው በታዩበት አገር፥ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ዜጋው ቀድሞ ተነሣና መንግሥቱን ጎተተው፤ የዘገየው መንግሥትም በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወደቀ።

በ1977 ዓ.ም. የሆነው በዚህ ሚዛን ሲመዘን ይበልጥ ያሳዝናል። በመስከረም ወር የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲከበር፥ በኮረምና በመቀሌ ሕፃናት በራብ በየቀኑ ይሞቱ ነበር። ደመወዝተኛው ከደመወዙ አዋጣ፥ ተማሪውና መምህሩ ለሠፋሪ ጎጆ እንዲሠሩ ተላኩ፥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓዘ። ሕዝቡ ያለውን ሰጥቷል፤ ነገር ግን ስለሚሰጠው ነገር አልተጠየቀም፥ የተነሣውም ሰው ብዙውን ጊዜ በፈቃዱ አልተነሣም። ግዴታን ገዥና ዜጋ መጋራት ማለት ገዥ ማዘዝ ዜጋ መታዘዝ ብቻ ከሆነ፥ ዶማው በአንድ ወገን እጅ ብቻ ይቀራል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 ላይ መንግሥት የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከልና ሲደርስም ለተጎዳው በወቅቱ እርዳታ የማድረስ ግዴታ እንዳለበት ሲደነግግ፥ ምኒልክ በልማድና በርኅራኄ የፈጸሙት ሥራ ከብዙ ዘመን በኋላ በጽሑፍ የተቀመጠ ግዴታ ሆነ። ከዚያ በፊት የተቋቋመው የመጠባበቂያ እህል ክምችት ደግሞ በተለየ መንገድ ይሠራ ነበር፤ እርዳታ ሰጪ ድርጅቶች እህሉን በነጻ አይወስዱትም ነበር፥ መልሰው እንደሚተኩ ተስማምተው ይበደሩት ነበር፥ የተስፋው እህል ገና በመርከብ ላይ ሳለ የተራበው ሰው ከመጋዘኑ ይበላ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በኦጋዴን ራቡ ሲበረታ ግን ቀደም ብሎ የተወሰደው ብድር ሁሉ አልተመለሰም ነበርና ክምችቱ ተመናምኖ ተገኘ፤ በጎዴ የሞቱት ሕፃናት ወላጆችም ብድሩን የወሰደው ማን እንደ ነበረ የጠየቀላቸው፥ የነገራቸውም ሰው አልነበረም።