ሳሎንና ቀይ አፈር

ሳሎኔን ላስቀባ ተነሥቼ ባለሱቁ የዘረጋልኝን የቀለም ካርድ ሳገላብጥ፣ ዓይኔ ኮራል በሚሉት፣ በቀይና በብርቱካን መካከል ባለው ቀለም ላይ ዐረፈ። ወዲያው ሐረር፣ በጁገል ውስጥ በእንግድነት የተቀመጥኩበት ቤት ትዝ አለኝ።

የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ጊድር ጋር ይባላል። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ስፌቶች ተደርድረው ተሰቅለውበታል። ወለሉና ነደባ የሚሏቸው ከፍና ዝቅ ያሉት መደቦች ግን ቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ከኮራል የደፈረ ቀይ። ሐረሪዎች እንደሚተርኩት ቀለሙ በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው። በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ጦር የአሚር አብዱላሂን ጦር እዚያ ድል ነሥቶ ሐረርን ያዘ፤ የከተማዋም ነጻ አሚርነት በዚያው አከተመ።

ቀለሙ ምናልባት ከጦርነቱም ይቀድም ይሆናል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሐዘን የተቀመጠበት ስፍራ ነው፤ እንግዳ ቡና በሚጠጣበት፣ ሕፃን በሚድህበት፣ ሙሽራ በሚሞገስበት መደብ ላይ!

«ይሄኛው ቤት ያሞቃል» አለኝ ባለሱቁ።

ካርዱን አጥፌ መለስኩለት። ነገ እመጣለሁ አልኩት።