ውሃው ዳር ማን ይቀመጥ?

እኛ የንፋስ ስልክና የሳሪስ ልጆች በሰፈራችን የሚያልፈውን አስፋልት እስከ ዛሬ «ደብረ ዘይት መንገድ» እንለዋለን። ከተማዋ ግን ቢሾፍቱ ወደሚለው ስሟ ከተመለሰች ቆየች። ባሕር የሌለው አገር ልጅ «እስቲ ውሃ ዳር ልዝናና» ሲል መጀመሪያ ትዝ የምትለው ይህችው 45 ኪሎ ሜትር ግድም የምትርቅ የሐይቆች ከተማ ነች። ላንጋኖ ሩቅ ነው፤ ሐዋሳማ በተማሪ ኪስ አይታሰብም።

የቢሾፍቱን፣ የሆራንና የባቦጋያን ሐይቆች የፈጠረው እሳት ነው። ከምድር ውስጥ ሽቅብ የወጣው ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ፈነዳ፤ መሬቱ ጎድጉዶ ቀረ፤ ጉድጓዱንም ውሃ ሞላው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ዳርቻ ገደል የሆነው፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር የሚያልፈው በዚሁ ምክንያት ነው። አሸዋ ላይ ተንጋሎ ፀሐይ መሞቅ የለመደ ፈረንጅ ቅር ይለው ይሆናል። እኛ ግን ገደሉ አፍ ላይ ቁጭ ብለን፣ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ቁልቁል ውሃውን ስናይ እንውላለን።

ታዲያ ከተማዋን የዕረፍት ቦታ ያደረጋት ማን ነው? በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ቢሾፍቱን አልፎ ነው የመጣው። ከጣልያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉ እዚያው ሰፈረ፤ ስዊድናውያን እነ ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን የእኛን ልጆች በረራ አስተማሩ። ንጉሠ ነገሥቱም ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ስሙም ፌርፊልድ። ለካ በስደት ዘመናቸው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ የተቀመጡበት ቤት ስም ኖሯል! የከተማዋም ስም በ1940ዎቹ ደብረ ዘይት ተባለ። ጌታው ካረፈበት ሎሌውም አይቀርምና መኳንንቱና ባለገንዘቡ ዳር ዳሩን ቪላ ሠራ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚታደርበት የሐይቅ ዳር ቤት ትርፍ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ግን ያ ሁሉ አልፎ ዛሬ ዳርቻው እንደገና ታጥሯል፤ የአሁኑ ባለ አጥር ሪዞርት ነው። ሥራ ለብዙ ወጣት መስጠቱን አንክድም። ቢሆንም ባለፈው ወር አምስት ሆነን ሄደን አንዱ በር ላይ የመግቢያውን ዋጋ ስንሰማ፣ እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን። ለአምስታችን የምሳና የመመለሻ ነበር።

ከዚያ በእግራችን ወደ ሆራ ወረድን። ሆራ በኦሮምኛ ከብት የሚጠጣው ማዕድናም ውሃ ነው። ባቡርም ቤተ መንግሥትም ሳይኖር ሕዝቡ ክረምት ሲያልፍ ከዚህ ውሃ ዳር እየተሰበሰበ፣ እርጥብ ሣር ውሃ እየነከረ ፈጣሪውን ሲያመሰግን ኖሯል፤ ኢሬቻ ነው። ስለ ከተማዋ ሽርሽር የሚያወሩ ሰዎች ይህን እንደ ትርዒት በመጨረሻ ይጨምሩታል፤ እኛ መጀመሪያው ይህ ነው እንላለን።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ ቦታ ተቃውሞ ተነሣ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ሕዝቡ ሲሸሽ ተረጋገጠ፤ ብዙው ገደል ገባ። መንግሥት የሞቱት 55 ናቸው አለ፤ ሌሎች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል አሉ። ገደሉን አየነው። ያን ያህል ጥልቅ አይደለም። በማግስቱ ዓመት ሕዝቡ ሣሩን ይዞ ተመለሰ።