ጂንና ቮድካ፤ ለአንድ ጉድለት የተሰጡ ሁለት መልሶች

ጂንና ቮድካ ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከእህል የሚሠሩ፣ በኃይላቸው የሚቀራረቡ መጠጦች ናቸው። ከዚህ የተነሣ ልዩነታቸው የስም ብቻ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ልዩነቱ ከምን እንደ መነጨ ለመረዳት ግን ጣዕማቸውን ከማነጻጸር ይልቅ የተሠሩበትን ዕቃ ታሪክ መመርመር ይበጃል።

በባሕር ወለል ከፍታ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ አልኮል በ78 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጥንታዊው የማንጠር ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ድፍድፉ በእንስራ ወይም በብረት ጋን ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ያልፋል፣ ቀዝቅዞም ይጠራቀማል። በአገራችን አረቄ የሚወጣበት ዘዴም ይኸው ነው። ነገር ግን ጋኑ አልኮሉን ብቻ ለይቶ አያወጣም። ፊውዝል ዘይት የሚባሉት ከባድ አልኮሎችና ሌሎች ሽታ ያላቸው ነገሮች አብረው ይወጣሉ። ደጋግሞ ማንጠር ጉድለቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ማገዶና ጊዜም ይፈጃል።

ለዚህ ጉድለት ሁለት መልሶች ተሰጡ። በኔዘርላንድ መልሱ በላዩ ላይ መጨመር ነበር። አስቀድሞ ለመድኃኒትነቱ ይፈለግ የነበረው የጥድ ፍሬ የእህሉን ሻካራ ጣዕም በመዓዛው ሸፈነ። ጄኔቨር የተባለው ይህ መጠጥ ስሙን ያገኘው ከጥዱ ሲሆን፣ እንግሊዞች አሳጥረው ጂን አሉት። ጥዱ የእኛው የሐበሻ ጥድ ዘመድ ቢሆንም ዝርያው ሌላ ነው። በሩሲያ ደግሞ መልሱ መቀነስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1785 ቶቢያስ ሎቪትስ የተባለ ኬሚስት በሴንት ፒተርስበርግ ከሰል ቀለምንና ሽታን ከፈሳሽ ስቦ እንደሚያስቀር ተገነዘበ፤ ዘዴውም ለቮድካ ማጣሪያ ዋለ። ስሙም ቢሆን ውሃ ከሚለው የስላቭ ቃል የወጣ ነው።

የመሸፈን መንገድ አደጋ እንዳለው በለንደን ታየ። ከኔዘርላንድ የመጣው ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1689 የእንግሊዝን ዙፋን ከያዘ በኋላ፣ በ1690 የወጣው ሕግ ከእህል አልኮል የማንጠርን ሥራ ለሁሉም ከፈተው። ርካሽ ጂን የድሆችን ሰፈር አጥለቀለቀ፤ አንዳንዱ ነጋዴ በጥድ ፍሬ ፈንታ ተርፐንታይን እስከ መጨመር ደረሰ። በ1736 ለችርቻሮ ፈቃድ 50 ፓውንድ፣ ለአንድ ጋሎን 20 ሺሊንግ ቀረጥ ቢጣልም ንግዱ ወደ ስውር ሄደና ሕጉ በ1743 ተሻረ። የተሻለ ውጤት ያስገኘው፣ አንጣሪዎች ፈቃድ ለሌላቸው ነጋዴዎች እንዳይሸጡ የከለከለው የ1751 ሕግ ነበር።

የቴክኒኩ ችግር የተቃለለው ግን እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። ቀድሞ የኤክሳይስ ሹም የነበረው የአየርላንዱ ኤኒያስ ኮፊ ባለ ዓምድ ማንጠሪያውን በፓተንት አስመዘገበ። በዓምዱ ውስጥ ድፍድፉ በተበሱ ሳህኖች ላይ ወደ ታች ሲፈስ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል፤ በየሳህኑም ትነትና ቅዝቀዛ ይደጋገማል። ይኸውም ብዙ ጋኖችን ደርቦ ያለ ማቋረጥ እንደ ማንጠር ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ አልኮል በርካሽ ሲገኝ ጂን ሻካራነቱን በስኳር መሸፈን አላስፈለገውም፤ ደረቅ የተባለው የለንደን ጂንም ተስፋፋ።

ቮድካ በበኩሉ ከመንግሥት ገንዘብ ጋር ተሳሰረ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሰርጌይ ቪተ እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ ሽያጩን በመንግሥት ሞኖፖል ሥር አደረገ። በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ቮድካ ሲከለከል፣ ግምጃ ቤቱ የገቢውን ሩብ ያህል ሲያስገባለት የነበረውን ምንጭ አጣ። ለንደን ሕዝቡን ከመጠጡ ለማላቀቅ ተቸግራ ነበር፤ ሩሲያ ግን ግምጃ ቤቷንም ጭምር ማላቀቅ አስፈለጋት።

ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሁለቱም መጠጦች ሲሸጡ የአልኮል መጠናቸው ከመቶ 37.5 እጅ ማነስ የለበትም። በጂን ውስጥ የጥድ ጣዕም ከሌላው ሁሉ ጎልቶ መገኘት አለበት፤ ድምብላልና የሎሚ ልጣጭን የመሳሰሉት አጃቢዎች ናቸው። ቮድካ ግን ለረጅም ጊዜ የተተረጐመው በሌለው ነገር ነበር፤ የአሜሪካ ደንብ እስከ 2020 ድረስ ተለይቶ የሚታወቅ ጣዕምም ሆነ ሽታ የሌለው ይለው ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን ያለያያቸው የጋኑ ጉድለት ከተቃለለ ሁለት ምዕት ዓመት ሊሞላ ነው። ጉድለቱ ሲወገድ መልሶቹ አብረው አልተወገዱም፤ አንዱ የመጨመር፣ ሌላው የመቀነስ ልማድ ሆነው ቀሩ። በሌላው የሥራ መስክም አንድ አሠራር ምክንያቱ ከጠፋ በኋላ መቀጠሉ የተለመደ ነው፤ የባለሙያው ድርሻ የትኛው ዛሬም እንደሚጠቅምና የትኛው ልማድ ብቻ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ነው።